መካ ላይ ዝም ያልኩባቸው ወራት

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የተወለድኩት መካ፣ መንሱር ሰፈር ነው። አባቴ በጃንሆይ ዘመን ከአጎቱ ጋር ለሐጅ መጥቶ በዚያው የቀረ የወሎ ሰው ነው፤ ገበያው ውስጥ አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራይቶ የልብስ ስፌት መኪና ይጠግን ነበር። እናቴ ደግሞ ደርግ ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ከባቲ አካባቢ ለእሱ ተድራ መጣች። እኔ ኢትዮጵያን አይቻት አላውቅም። ቤት ውስጥ እናቴ በአማርኛ ታናግረኛለች፣ እኔ በዐረብኛ እመልስላታለሁ። ተግባብተን ነበር የምንኖረው። ይህ ችግር መሆኑን የነገሩን ሌሎች ናቸው፤ የነገሩንም ሳንጠይቃቸው ነው።

በዚያ ዓመት ትምህርት ቤታችን ለተራቡት ሰዎች ልብስ ለመሰብሰብ ወሰነ። የሴት መምህርን «አብላ» ነው የምንለው። የክፍላችን አብላ ከጋዜጣ የተቆረጠ ፎቶ አምጥታ ሰሌዳው አጠገብ ለጠፈች። ፎቶው ላይ አንዲት ሴት የነተበ ጨርቅ ተከናንባ፣ ልጇን ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ አፈር ላይ ተቀምጣለች። አብላ ፎቶውን አሳየችን፤ ከዚያ ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች።

«የእሷ አገር ሰዎች ናቸው» አለች።

ክፉ አስባ አይደለም የሚሉኝ ሰዎች አሉ። እኔ አላውቅም። አብላ ራሷ ከሌላ አገር በኮንትራት የመጣች፣ እንደ አባቴ ኢቃማዋን፣ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ በቦርሳዋ ይዛ የምትዞር ሴት ነበረች። ጣት ሲቀሰርብህ ምን እንደሚሰማ ከማንም በላይ ማወቅ የነበረባት እሷ ናት።

ከፊት የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ካመጣችው ከረጢት ውስጥ አንድ የደበዘዘ ቀሚስ መዘዘች። «አብላ፣ እስከ ሐበሻ ድረስ ለምን እንልካለን? እዚሁ ለእናቷ እንስጣት» አለችና ቀሚሱን ወደ እኔ ዘረጋችው። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። አብላም ፈገግ ስትል አይቻለሁ። ቶሎ ብላ ፊቷን አዞረች፤ ግን አይቻለሁ።

ማልቀስ እችል ነበር። ተነስቼ መውጣትም እችል ነበር። እኔ ግን ከወንበሬ ብድግ ብዬ እንዲህ አልኩ፦ «እኔ ከነሱ አይደለሁም። አባቴ የመናዊ ነው። እነሱ የተራቡት ሥራ ስለማይወዱ ነው።» ይህን ብዬ ሳቅኩ። ከሁሉም ጮክ ብዬ ሳቅኩ። ቀሚሱን የዘረጋችልኝ ልጅ እንኳ ትንሽ ደንገጥ ብላ አየችኝ።

ቤት ስደርስ እናቴ ሬዲዮኑን ጆሮዋ ሥር ለጥፋ ተቀምጣለች። ታላቅ እህቷ ከአምስት ልጆቿ ጋር እዚያው ባቲ ዙሪያ ነበረች፤ ወሬዋ ከጠፋ ወራት አልፈዋል። በጅዳ ወደብ በኩል የመጣ አንድ የአገር ሰው መንደሩ ባዶ ቀርቷል፣ ሰዉ ወደ እርዳታ ጣቢያ ወጥቷል ብሏት ነበር። ስገባ ቀና ብላ አየችኝ።

«ልጄ፣ ትምህርት ቤት ስለ አገራችን የተባለ ነገር አለ?»

«ላ» አልኳት። የለም።

ከዚያ በኋላ ዝም አልኩ። አንድ ቀን ተነስቼ ዝም ልበል ብዬ አልነበረም። በመጀመሪያ ክፍል ውስጥ እጄን ማውጣት ተውኩ። ቀጥሎ ስጠራ መመለስ አቃተኝ። ከሳምንት በኋላ ቤትም ውስጥ ራሴን ከመነቅነቅ በስተቀር ምንም አልናገርም ነበር። አፌን ከከፈትኩ ያ ሳቅ እንደገና የሚወጣ ይመስለኝ ነበር።

ሦስት ሳምንት እንዳለፈ የትምህርት ቤቱ ሙርሺዳ ወላጅ ይምጣልኝ አለች። ሙርሺዳ ማለት ተማሪዎችን እንድትመክር የተቀጠረች ሴት ናት። ሴቶች ትምህርት ቤት ወንድ ስለማይገባ እናቴ መጣች። እናቴ የምታውቀው ዐረብኛ የገበያና የጎረቤት ነው፤ ሙርሺዳዋ የምትናገረው ደግሞ የመጽሐፍ። ሁለቱ መግባባት ሲያቅታቸው ሙርሺዳዋ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺ አስተርጉሚ» አለችኝ።

ልጅቷ አትናገርም ተብሎ የተጠራ ስብሰባ ላይ፣ ስለ ራሷ የሚባለውን ልጅቷ ራሷ እንድታስተረጉም! ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ አፌን የከፈትኩት ያን ቀን ነው፤ የከፈትኩትም ልዋሽ ነው።

«ልጅሽ ጭንቅላቷ ለሁለት ተከፍሏል» አለች ሙርሺዳዋ። «ቤት ውስጥ የምታናግሪያትን ቋንቋ ማቆም አለብሽ። እዚህ የምትኖር ከሆነ እንደ እዚህ ሰው ታስብ።»

«ጎበዝ ተማሪ ናት፤ ጉንፋን ይዟት ነው እንጂ ደህና ናት ትላለች» አልኩ ለእናቴ።

እናቴ ፊቴን ትኩር ብላ አየችው። «ጉንፋን ይህን ያህል ፊት ያጠቁራል? ልጄን ማን ምን ብሎ እንዳስከፋት ጠይቂልኝ።»

«እሺ፣ እንዳልሽው አደርጋለሁ ትላለች» አልኩ ለሙርሺዳዋ።

ሙርሺዳዋ ደስ ብሏት ወረቀቷ ላይ ጻፈች። ፈረመች። እናቴም አመሰገነች። የመጀመሪያው ምክር በዚህ አለቀ።

ሁለተኛው ምክር የአባቴ ሐሳብ ነበር። የአገር ሰዎች የሚያከብሯቸው አንድ ሽማግሌ ዘንድ ወሰደኝ። ሽማግሌው ቁርኣን ቀሩልኝ። ይህን አልክድም፤ ድምፃቸው ለስላሳ ነበር፣ ሲቀሩልኝ ደረቴ ቀለል አለኝ። ጨርሰው ግን በራሴ ላይ አሻግረው አባቴን አዩትና «ደርሳለች እኮ። ዳሯት፤ ቤቷን ስትይዝ ትናገራለች» አሉት። እኔ እዚያ እንዳልተቀመጥኩ ሁሉ። አባቴ አልተከራከራቸውም። እጄን ይዞ ወጣ። ገበያውን አቋርጠን ስንሄድ ብቻውን ያጉተመትም ነበር። «ያ ረቢ! መድኃኒት ፈልጌ ብሄድ ሙሽራ ፈልጉላት ይሉኛል?» አባቴ ብዙ ጊዜ አናዶኛል፤ በዚያ ቀን ግን ወደድኩት።

ስለ ሦስተኛዋ መካሪ እናቴ የሰማችው ከጎረቤት ነው። ጅዳ፣ ሰቢል ሰፈር የምትኖር የአዲስ አበባ ሴት አለች፤ ጭንቀት ያለበትን ሰው ቁጭ ብላ ታደምጣለች፤ ተባለ። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የተማረችው ይህንኑ ነበር። አዲስ አበባ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ተማሪዎችን ስትመክር ቆይታ፣ በቀይ ሽብሩ ጊዜ የምትመክራቸው ልጆች አንድ በአንድ ሲታፈሱባት አገር ጥላ ወጣች። ጅዳ ላይ ሙያዋን የሚጠይቃት አልነበረም፤ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ታወጣ ነበር። ክርስቲያን ስለሆነች መካ መግባት አትችልም። መሄድ ያለብን እኛ ነበርን።

«ክርስቲያን ናት እኮ» አለ አባቴ።

«የኛዎቹማ ዳሯት አሉ» አለች እናቴ። በዚህ ተስማሙ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ አባቴ በታክሲ ወሰደንና ደጇ ላይ አድርሶን ሄደ። ቤቷ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። እናቴ «እትዬ» ብላ ስለጠራቻት እኔም ከዚያ በኋላ እትዬ ነው የምላት። እናቴ በአማርኛ የሚሰማት የተማረ ሰው በማግኘቷ አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገረች፤ የተናገረችው ሁሉ ስለ እኔ ነበር። «እህቴ፣ ይህችን ልጅ አድኑልኝ» ብላ ጨረሰች። እትዬ እናቴን ጎረቤት አስቀመጠቻትና ተመልሳ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«አማርኛ ትሰሚያለሽ?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«ትናገሪያለሽስ?»

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ መመለስ ፈለግሁ። ብዙ ካሰብኩ በኋላ «ትንሽ ትንሽ እናገራል» አልኳት።

ሳቀች። አምልጧት ነው፤ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ግን ተነስቼ ቆምኩ። መካ ላይ በአገሬ ይስቁብኛል፤ የአገሬ ሰው ዘንድ ስመጣ ደግሞ በምላሴ ይስቁብኛል። ጮህኩባት። በዐረብኛ ነው የጮህኩት፤ ስለ አብላ፣ ስለ ቀሚሱ፣ ስለ ሙርሺዳዋ፣ ስለ ሽማግሌው፣ ስለ እሷም። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ጮህኩ። እናቴ ድምፄን ሰምታ በሩን ስታንኳኳ እትዬ «ይተዉን፣ ይተዉን፤ ደህና ናት» አለቻት።

ስጨርስ ውሃ ቀዳችልኝ።

«ከተናገርሽው አምስት ቃል ብሰማ ነው» አለች። «የኔ ዐረብኛ ካርድ ለማውጣት ብቻ ነው የሚበቃው። ስለሳቅሁብሽ ግን ይቅርታ አድርጊልኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ትልቅ ሰው ይቅርታ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር።

በየዓርቡ መመላለስ ጀመርን። ትንሽ በዐረብኛ፣ ትንሽ በተሰባበረ አማርኛ እነግራታለሁ። ያልገባትን ትጠይቀኛለች፤ የገባት ሲመስለኝ ዝም እላለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የምትለኝ «ከዚያስ?» ብቻ ነበር። እሷም ግን ፍጹም አልነበረችም። በሦስተኛው ዓርብ ትከሻዬን ይዛ «አንቺ እኮ ኢትዮጵያዊት ነሽ። ኩሪ! በአገርሽ ልትኮሪ ይገባል» አለችኝ።

ንዴቴ እንደገና መጣ። በዚያን ጊዜ ትልቅ ሰውን «እርስዎ» ማለት አላውቅበትም ነበር። «አንቺም እንደ ሙርሺዳዋ ነሽ» አልኳት። «እሷ አማርኛውን ተይ ትላለች። አንቺ መካን ተይ ትያለሽ። እኔ መካ ነው የተወለድኩ! ሌላ ቤት የለኝ!»

እትዬ ትከሻዬን ለቀቀች።

«ልክ ነሽ» አለች። «አገር የናፈቀኝ እኔ ነኝ። ያንቺ ጉዳይ አይደለም።»

በአምስተኛው ዓርብ ስለ ሳቁ ነገርኳት። ፎቶው ላይ ስላለችው ሴት፣ ሥራ አይወዱም ስላልኩት፣ እናቴን «ላ» ስላልኳት። እያለቀስኩ ነገርኳት። አቅፋ ታባብለኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን አላባበለችኝም።

«ለእኔ መንገር ቀላል ነው» አለች። «እኔ ምንሽም አይደለሁም። ይህን መስማት ያለባት እናትሽ ናት።»

ለዚህ ነው እንዴ በየሳምንቱ የምመጣው! ሁለት ዓርብ አልሄድም አልኩ። እናቴ ለመነችኝ፣ አባቴ ተቆጣኝ፤ አልሄድኩም። እትዬን ጠላኋት፤ ምክንያቱም እውነቷን እንደሆነ አውቄያለሁ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እናቴ ሩዝ ስትለቅም አጠገቧ ሄጄ ተቀመጥኩ። በአማርኛ ልነግራት ቆርጬ ነበር። «ሰነፍ» የሚለው ቃል አልመጣልኝ ብሎ «ከስላን» አልኩ። እጇ ትሪው ላይ ቆመ።

«እህቴን ከስላን ናት አልሽ?»

«ሁሉንም ነው ያልኩት።»

«ሳቅሽስ?»

«ሳቅሁ።»

«አስተማሪሽስ?»

«ፈገግ አለች።»

አልመታችኝም። ሩዙን ለቅማ ጨረሰች፣ አጠበች፣ ጣደች። በዚያ ቀን አላናገረችኝም። በማግስቱም አላናገረችኝም። ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም ስላት ምን እንደተሰማት ያወቅኩት በእነዚያ ሁለት ቀናት ነው። የትምህርት ሳምንት በሚጀምርበት ቅዳሜ ጠዋት ቦርሳዬን ስይዝ ዐባያዋን ለብሳ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት።

«ቅደሚ። እኔም እመጣለሁ።»

ሙርሺዳዋ ቢሮ ገባንና እናቴ አብላ እንድትጠራ አስደረገች። ሁለቱም ሲቀመጡ እሷ አልቀመጥም አለች። ወደ እኔ ዞረች።

«እንዳለ ተርጉሚ። አንድ ቃል ብታጎድዪ አልምርሽም።»

ከዚያ ፊቷን ወደ አብላ አዞረች። «እህቴ መሬት አርሳ አምስት ልጅ ያሳደገች ሴት ናት። ተኝታ ጀንበር ወጥቶባት አያውቅም። የከዳት ዝናብ ነው፤ እጇ አይደለም። ሥራ አይወዱም ያለችው ይህች ልጅ የኔ ልጅ ናት፤ እሷን እኔ እቀጣታለሁ። አንቺን ማን ይቀጣሻል?»

ተረጎምኩ። አንድ ቃል አላጎደልኩም።

አብላ ቀላች። «እኔ ለበጎ ነው ያደረግኩት» አለች። «ልብስ የሰበሰብነው ለእናንተው ሰዎች ነው።»

«ልብሱን ላኩ፤ አላህ ይቀበላችሁ» አለች እናቴ። «ልጄን ግን ግድግዳ ላይ አትለጥፉብኝ።»

ሙርሺዳዋ እጇን አንስታ «ኸላስ ያ ሐጃ፣ ኸላስ» አለች፤ በቃ ማለቷ ነው። እናቴ የዚህ አስተርጓሚ አላስፈለጋትም። ጠረጴዛውን በመዳፏ መታ አድርጋ «ማ ኸላስ!» አለቻት። አልበቃም! እንዲህ ብላ ወጣች።

ይቅርታ የጠየቀን የለም። በማግስቱ ፎቶው ከግድግዳው ተነስቶ ነበር፤ በቦታው የቀረው የማጣበቂያው ምልክት ነው። አብላ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ አንድ ጥያቄ አልጠየቀችኝም። እኔም እንድትጠይቀኝ አልጠበቅኩም፤ ሳትጠራኝ እጄን አውጥቼ እናገር ነበር። ቤት ውስጥ ደግሞ እናቴ አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፦ «በፈለግሽው ቋንቋ መልሺልኝ። ብቻ አትዋሺኝ።» እትዬ ዘንድ ከዚያ በኋላ ለጥቂት ወራት ሄድን። በቀጣዩ ዓመት ክሊኒኩ ኮንትራቷን ስላላደሰላት ወደ ሌላ አገር ሄደች። የት እንደደረሰች አላውቅም።

ንዴቴ በዚያ አላለቀም። አድጌ የራሴ ወረቀት ሲያስፈልገኝ፣ በተወለድኩበት ከተማ ለመኖር ካፊል፣ ማለትም የሚዋስሽ የአገሩ ሰው፣ ፈልጊ ተባልኩ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለማውጣት ደግሞ ፎርሙ ፊት ስቀመጥ ፊደሉን አላነበውም፤ አባቴ አጠገቤ ሆኖ ሞላልኝ። በሁለቱም መስኮት ፊት እንግዳ ነበርኩ። እንዲህ ሲያጋጥመኝ «ሁለት አገር ያለሽ ዕድለኛ ነሽ» የሚለኝ ሰው አይጠፋም።

ከሁሉ የባሰ ያናደደኝን ነገር ግን የሰማሁት በደርግ መጨረሻ አካባቢ ነው። አባቴ ሱቅ ውስጥ የስፌት መኪና ፈትቶ ዘይት ሲቀባ አጠገቡ ተቀምጬ ስለ አክስቴ ጠየቅሁት፤ ከእርዳታ ጣቢያ በኋላ የት እንደደረሰች። እናቴን ስጠይቃት ሁልጊዜ «አላህ ያውቃል» ነበር የምትለኝ። አባቴ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«እስካሁን አልነገረችሽም?» አለ። «መርዶዋ የመጣው እኮ ያኔ ነው። ጅዳ መመላለስ ልትጀምሩ አንድ ሳምንት ሲቀረው። እሷም፣ ከልጆቿም ሦስቱ።»

አንድ ሰዓት ሙሉ እትዬ ፊት ስለ እኔ ስታወራ እህቷ ሞታ ነበር። ሩዝ ስትለቅምም፣ እኔ «ከስላን» ስላትም። ለእኔ ሙርሺዳ ተጠርቶ፣ ሽማግሌ ተፈልጎ፣ ጅዳ ድረስ ታክሲ ተይዞ፣ እሷን ግን አንቺስ ያላት አንድም ሰው አልነበረም። አባቴ ላይ ጮህኩበት። «እንዳልነግርሽ አስማለችኝ» አለ። ለእኔ ምክንያት አልሆነልኝም፤ ዛሬም አይሆንልኝም። እትዬም ያን ሁሉ ዓርብ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ እሷ ዞራ አልጠየቀቻትም። እኔም አልጠየቅኳትም።

ቤት ሄጄ እናቴን ፊት ለፊት ጠየቅኳት። «ለምን ደበቅሽኝ?»

«አንቺ ዝም ብለሽ ነበር» አለች ልብስ እያጠፈች። «እኔም ዝም ብል ይህ ቤት ምን ይሆናል?»

«ለቅሶ እንኳ አልተቀመጥሽ! ማን አጽናናሽ?»

«ማን ይጠይቀኛል፣ ልጄ?» አለች። እንደ ወቀሳ አልነበረም ያለችው፤ እንደ ተራ ነገር ነው። ያ ነው ያንገበገበኝ።

በዚያው ሳምንት የሰፈሩን የወሎ ሴቶች በሙሉ ቤት ለቤት ዞሬ ጠራሁ። የአክስቴ ለቅሶ ነው አልኳቸው። አንዲቱ «መቼ አረፈች?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ዘገያችሁ አላለችም። ነጠላዋን ብቻ አነሳች። ሴቶቹ መጥተው ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ፣ ዱዓ አደረጉ። እናቴ መጀመሪያ ለእንግዶች ሻይ ልቀዳ ብላ ተነስታ ነበር፤ ትልቋ ሴት እጇን ይዛ መልሳ አስቀመጠቻት። «ዛሬስ ተቀመጪ፤ ሻዩን ልጅሽ ትቀዳለች» አለቻት።

እናቴ ተቀመጠች። ስለ እህቷ ማውራት ጀመረች፦ አብረው ውሃ ስለቀዱበት ወንዝ፣ እሷ ስትዳር እህቷ አብራት ስላለቀሰችው ለቅሶ፣ ስለ ልጆቹ መልክ። አንዳንዱን በአማርኛ፣ አንዳንዱን መካ በለመደችው ዐረብኛ እያደባለቀች እስከ መግሪብ ሶላት አወራች። ማንም አላቋረጣትም፤ ማንም አልመከራትም።